ዩሚስ፦ አምላክ ነው ወይስ መንታ ዛላ?

ጥያቄ አብዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የላትቪያን የሕዝብ ግጥሞች በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዳይና ይሏቸዋል። አጫጭር ናቸው፣ አብዛኞቹ አራት ስንኝ ብቻ። ደስ እያለኝ ስሠራ ቆይቼ አንድ ቃል ላይ ተገትሬ ቀረሁ፦ ዩሚስ። አንዱ ተርጓሚ «የመራባት አምላክ» ይለዋል። ሌላው «ለምነት» ብሎ ያልፈዋል። ሦስተኛው «መንታ ፍሬ» ብሎ ቁጭ። አምላክ ካልኩት ግጥሙ ጸሎት ይሆናል፣ ለምነት ካልኩት የግብርና ቢሮ መግለጫ ይመስላል፣ መንታ ፍሬ ካልኩት ደግሞ አንባቢው «እና ምን ይሁን?» ይለኛል። ቃሉ ከየት መጣ? መጀመሪያስ ምን ማለት ነበር? የምታውቁ እስቲ ተከራከሩልኝ።

የሪጋው፦
ሪጋ ነው የምኖረው። ሰው ሲናገር ከምሰማው ልጀምር። አንደኛ ንባቡን አላበላሸሽውም፣ ጎበዝ። ብዙ ሰው ጁሚስ ይለዋል፣ መነሻዋ J ፊደል ግን እዚህ «የ» ናት። ሁለተኛ፣ ለምነት ወይም መራባት ለማለት የዕለት ተዕለቱ ቃል ዩሚስ አይደለም፣ አውግሊባ ነው። የአፈር ለምነትም፣ ሐኪም ቤት የሚነሳው የመውለድ ጉዳይም አውግሊባ ነው። አውግት ማደግ፣ አውግሊስ ፍሬ፣ ከዚያ አውግሊባ። የላቲኑ አውጌሬ፣ ማሳደግ ማለት ነው፣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ዩሚስ ሌላ ነው። በአንድ አገዳ ላይ ሁለት ዛላ ሲወጣ፣ አንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት የጫካ ለውዝ ፍሬ (ኦቾሎኒ አይደለም) ሲገኝ፣ ሁለት ፖም ተጣብቆ ሲበቅል፣ ያ ነገር ራሱ ዩሚስ ነው። በእጅ የሚያዝ ነገር። በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ማሳው ውስጥ የሚኖረው፣ የእህሉን በረከት የያዘው እሱ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ችግርሽ እጥፍ ይሆናል።

ግዕዝ ይቅደም፦
ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ? «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም»። ዮም ዛሬ ማለት ነው። ዮም፣ ዩሚስ። ከሲሳይ ጋር አብሮ የመጣ ቃል ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ፈረንጅ ግዕዝን ሳይነካ የቀረበት ቦታ የለም።

ሥርወ ቃል፦
አቡነ ዘበሰማያትን ማምጣትህ አሳቀኝ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን አይሆንም ወንድሜ። ላትቪያኛ ከህንድ አውሮፓ ቤተሰብ ነው፣ ከባልቲክ ቅርንጫፍ። ከዚያ ቅርንጫፍ ዛሬ በአፍ የቀሩት ላትቪያኛና ሊትዌንያኛ ብቻ ናቸው። ግዕዝ ሴማዊ ነው። ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም። ሴማዊ ዘመድ የግድ ካልክ በ«መንታ» ትርጉም በኩል ብትመጣ ይሻልህ ነበር፤ ቶማስ በአራማይክ መንታ ማለት ነው፣ ወንጌሉም «ዲዲሞስ» የሚለው ለዚህ ነው፣ ዲዲሞስ በግሪክኛ ያው መንታ ነው። በዕብራይስጥ ቴኦም፣ በአረብኛ ተውአም። ሁሉም ውስጥ «ም» አለች፣ ዩሚስ ውስጥም አለች። በአንድ «ም» ከተዛመድን ግን ዘመድ ያልሆነ ሕዝብ አይተርፍም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሚያከራክሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። በጣም ዝነኛው በሳንስክሪት በኩል የሚሄደው ነው። ያማ በሳንስክሪት መንታ ማለት ነው። በሪግ ቬዳ፣ በህንዶች የጥንት የመዝሙር መጽሐፍ፣ ያማና ያሚ የሚባሉ መንታ ወንድምና እህት አሉ፣ 10ኛው መጽሐፍ ውስጥ ሲከራከሩ ይገኛሉ። የፋርሶቹ ዪማ አለ። በሰሜን አውሮፓ ተረት ዓለም የተሠራችበት ግዙፉ ኢሚር አለ፣ የእሱንም ስም ብዙዎች ከዚሁ ከመንታ ጋር ያያይዙታል። በጥንቱ አየርላንድኛ ኤሞን መንታ ነው። ስለዚህ የጥንቱ የጋራ ቋንቋ ውስጥ «ዬም» የሚመስል መንታ የሚል ሥር ነበረ ይባላል። ላትቪያኛው ዩሚስ፣ መንታ ዛላ ማለት የሆነው፣ የዚያ ሥር የመጨረሻው የገበሬ ልጅ ነው ማለት ነው። ትርጉሙ እንዲህ ሲገጥም ሰው ልቡ ይደሰታል።

ጥያቄ አብዢ፦
ታዲያ አለቀ አይደል? መንታ ነው።

ሥርወ ቃል፦
አላለቀም እህቴ። ችግሩ «ዩ» ላይ ነው። የጥንቱ «ኤ» በባልቲክ ቋንቋዎች «ኤ» ሆኖ ይቆያል እንጂ ዝም ብሎ «ኡ» አይሆንም። ስለዚህ «ዬሚስ» ነበር መምጣት ያለበት። «ዩ» እንዲመጣ አናባቢው ከሥሩ መውደቅ አለበት፣ ከዚያ የቀረችው «ም» ብቻዋን ቆማ አዲስ አናባቢ ከፊቷ ማብቀል አለባት። እንዲህ ሲሆን ባልቲክ ቋንቋዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኢ» ነው የሚያበቅሉት፣ አንዳንዴ ብቻ «ኡ»። ይቻላል፣ ግን ጠባብ በር ነው።

ሁለተኛው መንገድ እዚያው አገር ውስጥ ነው። ዩምት ጣሪያ መክደን፣ ዩምትስ ጣሪያ። ድምፁ አንድ በአንድ ይገጥማል። ከሥር ደግሞ ማጣመር፣ ማያያዝ የሚል የጥንት ሥር አለ ይላሉ፤ የላትቪያኛው ዩግስ፣ ቀንበር ማለት ነው፣ ከዚያ ሥር ነው። ዮጋ የምትሉት ስፖርትም ስሙ ከዚያው ነው፣ መጣመር ማለት ነው። በዚህ ከሄድን ዩሚስ «የተጣመረ» ማለት ይሆናል። ሁለት ዛላ በአንድ አገዳ፣ የተጣመረ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትርጉሙ ወደ ያማ ይጎትተኛል፣ ድምፁ ወደ ጣሪያው። ለድምፁ ነው የማደላው። ትርጉም በሺህ ዓመት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የድምፅ ሕግ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም።

የሪጋው፦
ጣሪያውን ማንሳትህ ጥሩ ነው። እዚህ የዩሚስ ምልክት የሚባል አለ። ሁለት ዛላ ተጠላልፎ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ይመስላል። ጓንት ላይ ይጠለፋል፣ መቀነት ላይ ይሸመናል፣ የድሮ የገበሬ ቤት አናት ላይ ደግሞ ሁለት ሳንቃ ተጠላልፎ ይቆማል። የጣሪያው ጫፍ ላይ ማለት ነው። ዩምትስ አናት ላይ ዩሚስ። ለቱሪስት ሲያስረዱ ይህን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ተጠራጣሪ፦
ለቱሪስት አልክ፣ እዚያው ላይ ቁም።

የጣሪያ ሳንቃ ተጠላልፎ መቆሙ የአናጢ ጉዳይ ነው። ነፋስ የሣር ክዳኑን እንዳይወስደው ነው። በሌላም የሰሜን አውሮፓ አገር አለ፣ ዩሚስን ጭራሽ ሰምተው በማያውቁት ዘንድ። ምልክቶቹን ይሄ የዚህ አምላክ፣ ያ የዚያ አምላክ ብለው ስም እየሰጡ የደረደሯቸው በአብዛኛው በ1920ዎቹ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኤርነስትስ ብራስቲንሽ የሚባል ሠዓሊ ነበር፣ ዲየቭቱሪባ የሚባለውን የጥንቱን እምነት እንመልስ የሚል እንቅስቃሴ በ1925 ከጀመሩት አንዱ። አገሩ ነጻ የወጣው በ1918 ነው። አዲስ አገር የራሱ የጥንት አማልክት ይፈልጋል። ይገባኛል፣ አልፈርድባቸውም፣ ብራስቲንሽም ሶቪየቶች ወስደው በ1942 ገድለውታል፣ ዋጋ ከፍሎበታል። ግን የእሱን መጽሐፍ እንደ ሦስት ሺህ ዓመት ምስክር አታቅርቡልኝ።

ከዚያ በፊትም ታሪክ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መሀል ዩሪስ አሉናንስ የሚባል ገጣሚና ጓደኞቹ የላትቪያ አማልክት ዝርዝር ሲያወጡ ግሪኮች ያላቸው ሁሉ እንዲኖራቸው እየፈለጉ ስም ፈጥረው ጨምረዋል። ይህን ላትቪያውያን ምሁራን ራሳቸው ነው የጻፉት። ሪጋ የተቆረቆረችው በ1201 በጀርመን ጳጳስ ነው። ዘፈኖቹ ተሰብስበው የታተሙት ከ1894 እስከ 1915 ነው። መሀሉ ላይ 700 ዓመት ክርስትና አለ። ከ700 ዓመት በኋላ ከገበሬ አፍ የተቀዳ ግጥም ውስጥ ያለን ስም «የጥንት የመራባት አምላክ» ማለት ድፍረት ነው። መንታ ዛላ ነው በሉና ተገላገሉ።

ጋሽ መዝገብ፦
ልጆቼ፣ ተጠራጣሪ ያነሳው ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹን ግን ቸኩሎበታል።

የአሉናንስ ፈጠራ እውነት ነው። ነገር ግን ፈጠራውን ያጋለጠው ምን እንደሆነ እንይ። እነዚያ የተፈጠሩ ስሞች ሕዝቡ ዘፈን ውስጥ የሉም። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባለው ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ዳይና ሲሰበስብ ኖረ። ከየመንደሩ በደብዳቤ የመጣለትን ግጥም በትናንሽ ቁራጭ ወረቀት እየገለበጠ፣ ለዚሁ ብሎ ባሠራው ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። የታተመው ብቻ 217,996 ግጥም ነው። ቁም ሣጥኑ ዛሬ ሪጋ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ በ2001 ዩኔስኮ በዓለም መዝገብ አስፍሮታል። ዩሚስ እዚያ ወረቀቶች ላይ አለ። ያውም አገር ወዳድ ገጣሚ በሚያዘወትረው ቦታ አይደለም፣ አጨዳ ላይ በሚዘፈነው ውስጥ ነው። ማጭድ የያዘች ሴት የምትለው ነገር ነው። ለእሷ ከተማ ያለ ገጣሚ አማልክት አልፈጠረላትም።

700 ዓመት ክርስትና ያልከውም እንዲሁ በቁጥር አይታይም ልጄ። ጌታው ጀርመን፣ ቄሱ ጀርመን፣ ገበሬው ላትቪያዊ ጭሰኛ። ኩርላንድና ቪድዜሜ በሚባሉት የአገሩ ክፍሎች ከጭሰኝነት የተፈታው በ1817 እና በ1819 ነው፣ በላትጋሌ እስከ 1861 ቆይቷል። ቄሱና ገበሬው በአንድ ቋንቋ እንኳ አይገናኙም ነበር ለረጅም ዘመን። እንዲህ ባለ አገር ማሳ ውስጥ የሚዘፈነውን ማን ያርመዋል?

ተጠራጣሪ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን ስሙ ዘፈን ውስጥ መኖሩና አምላክ መሆኑ ለየብቻ ነው። እኛ ዘፈን ውስጥም «አያ ጅቦ» አለ። አያ ስለተባለ ማንም አልሰገደለትም።

ጋሽ መዝገብ፦
ለአያ ጅቦ ዳቦ ቆርሶ ማሳ ውስጥ የሚተውለት ካለ ንገረኝ።

የሪጋው ያየውን ቢነግረን ይሻላል፣ እኔ ያነበብኩትን ነው የማወራው። አጨዳው ሊያልቅ ሲል ጥቂት አገዳ ሳይታጨድ ይተዋል። ዛላዎቹ ይጎነጎናሉ ወይም ይታሰራሉ፣ ዙሪያው አረሙ ይነቀላል፣ ዳቦ ይቀመጣል። ዩሚስ እየሸሸ እየሸሸ እዚያ መጨረሻው ላይ ነው የሚገኘው ይላሉ፣ «ዩሚስን መያዝ» ይሉታል ሥርዓቱን። አንዳንዱ አካባቢ እዚያው ይተዉታል፣ ለከርሞ ማሳውን እንዲጠብቅ። አንዳንዱ የመጨረሻውን ነዶ ወይም ከሱ የተሠራ አክሊል ተሸክመው ለባለ ቤቱ ያመጡለታል፣ እሱ ደግሞ ግብዣ ያደርጋል። መንታ ዛላ የተገኘ እንደሆነ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ለከርሞ ከዘሩ ጋር ይቀላቀላል። ይሄ ሁሉ የሚደረግለት ነገር አምላክ ካልሆነ፣ አምላክ የሚለው ቃል ለእናንተ ቤተ መቅደስ ያለውን ብቻ ነው ማለት ነው።

የሪጋው፦
ጋሼ ያሉት አለ። አሁን ከተማ ውስጥ የምናየው ግን የበዓል መልክ ነው። ሴፕቴምበር 29 ሚኬሊ ይባላል፣ የቅዱስ ሚካኤል ቀን። በእኛ መስከረም 19፣ ከመስቀል ሁለት ቀን በኋላ ነው። ዶም አደባባይ ላይ ገበያ ይቆማል፣ ማር፣ አይብ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ከገለባ የተሠራ ዩሚስም ይሸጣል። የመከር ማብቂያውን በዓል ደግሞ አፕዩሚባስ ይሉታል። ስሙ ውስጥ ዩሚስ ቁጭ ብሏል፣ አያችሁት?

ሥርወ ቃል፦
ቆይ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥህ። አፕዩምት ማለት ዙሪያውን ከድኖ መጨረስ ነው። አፕዩሚባስ ከዚያም ሊመጣ ይችላል፣ ክምሩን መክደን፣ ሥራውን መዝጋት። ዩሚስ ስሙ ውስጥ አለ ብለን ስንደሰት ጣሪያው ነው ቁጭ ያለው ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለቱም፣ ምክንያቱም እኔ እንደምለው ሁለቱም አንድ ሥር ከሆኑ ጥያቄው ራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ አብዢ፦
ሦስተኛው መንገድስ? ሦስት ነው ብለህ ሁለት ብቻ ነው የነገርከን።

ሥርወ ቃል፦
እሱን ማንሳት ስለማልወድ ነው። ግን እሺ።

ኢስቶንያውያን እግዚአብሔርን ዩማል ይላሉ፣ ፊንላንዳውያን ዩማላ። እነዚህ ከሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው፣ ከላትቪያኛ ጋር አይዛመዱም። ግን ጎረቤት ናቸው። ላትቪያ ውስጥ ራሱ የባሕር ዳር ሊቮች ነበሩ፣ ቋንቋቸው ከኢስቶንያኛ ወገን ነው፣ አፍ የፈታችበት የመጨረሻዋ ተናጋሪ በ2013 ካናዳ ውስጥ አረፈች። ላትቪያኛ ከእነዚህ ወገኖች ብዙ ወስዷል፦ ፑይካ ወንድ ልጅ፣ ላይቫ ጀልባ፣ ካዛስ ሠርግ። ሠርግ የሚለውን ቃል ከጎረቤት የወሰደ ሕዝብ አምላክ ቢወስድ ምን ይገርማል? ነው ክርክሩ።

እኔን የማያሳምነኝ ትርጉሙ ነው። ዩማላ የሰማይ ነው። በሩቅ ሩሲያ ያሉት ማሪ የሚባሉ ሕዝቦች ዩሞ ይላሉ፣ እሱም ሰማይና አምላክ ነው። አንድም ቦታ መንታ የለ፣ ዛላ የለ፣ ለውዝ የለ። የሰማይ አምላክ ወርዶ የተጣበቀ ፖም የሚሆንበትን መንገድ የሚያሳየኝ ካለ እሰማለሁ።

ግዕዝ ይቅደም፦
ለፊንላንድ ሲሆን ድምፅ ብቻ መመሳሰሉ ክርክር ይሆናል፣ ለግዕዝ ሲሆን ቀልድ። አሁንም አልተዋጠልኝም።

ሥርወ ቃል፦
ፊንላንድ ጎረቤት ስለሆነች ነው። አንተ አክሱምን ባልቲክ ባሕር ዳር አምጣልኝና እንነጋገራለን።

የግብርናው ልጅ፦
ሁላችሁም ቃሉን ስታገላብጡ ዛላውን የጠየቀው የለም። እኔ የእርሻ ሰው ነኝ።

በአንድ አገዳ ሁለት ዛላ የሚመጣው የተክሉ የማደጊያ ጫፍ ሲሰነጠቅ ወይም ከልክ በላይ ሲሰፋ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ዘር ሊሆን ይችላል፣ ውርጭ ሊሆን ይችላል፣ ነፍሳት በልቶት ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያም አለ። ማሳው ለም ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ተክሉ መጎዳቱን ነው የሚያሳየው። ላትቪያ ደግሞ ውርጭ አገር ነው፣ ገበሬው ይህን ብዙ ጊዜ አይቶ ሊሆን ይችላል።

ለውዙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ጫካ የሚበቅለው ለውዝ፣ ሃዘልነት የሚባለው፣ አበባው ውስጥ ሁለት የዘር እንቁላል አለው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይሞትና አንድ ፍሬ ይቀራል። ሁለቱም ሲተርፉ ነው መንታው የሚመጣው። ስለዚህ ዛላው ላይ ዩሚስ የተፈጥሮ ስህተት ነው፣ ለውዙ ላይ ግን ይሞት የነበረው ሳይሞት የቀረበት ነው። ገበሬው ግን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጠ። ስም የሰጠው ያየውን እጥፍነት ነው፣ ምርቱን አይደለም። ስለዚህ «ለምነት» የሚለውን ትርጉም ሰርዢው፣ እሱ በኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄ አብዢ፦
ይሄ ጠቀመኝ። እናቴ መንታ ሙዝ ስናገኝ «አንቺ አትብዪው፣ መንታ ትወልጃለሽ» ትለኝ ነበር። እዚያስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?

የሪጋው፦
አለ እንጂ! ዩሚስ የበላች መንታ ትወልዳለች ይላሉ። ልክ እንደ እናትሽ።

ተጠራጣሪ፦
አያችሁ? የአዲስ አበባ እናትና የላትቪያ አሮጊት ሳይገናኙ አንድ ነገር ይላሉ። መንታ ያየ ሰው ሁሉ መንታ ያስባል፣ ለዚህ አምላክ አያስፈልገውም፣ ከሳንስክሪት የተወረሰ ተረትም አያስፈልገውም። ይሄ ለእኔ የያማን ክርክር ይገድለዋል። ትርጉሙ ገጠመ ብላችሁ ነበር የተደሰታችሁት። ትርጉሙ የትም አገር ይገጥማል።

ሥርወ ቃል፦
በከፊል እስማማለሁ። እምነቱ የትም ይፈጠራል። ስሙ ግን የትም አይፈጠርም። እናትየዋ መንታ ሙዙን ለብቻው ስም አልሰጠችውም፣ «መንታ ሙዝ» ነው ያለችው። ላትቪያኛ ግን ለዚህ ነገር የራሱ ቃል አለው፣ ሰው መንታ ሲሆን ደግሞ በሌላ ቃል ነው የሚጠሩት፣ ድቪኒ ይላሉ፣ ሁለት ከሚለው ቁጥር የመጣ። አሁን ልብ በሉ። ዩሚስ የያማ ዘመድ ከሆነ ድሮ ለሰው መንታም ይሠራ ነበር፣ ከዚያ ድቪኒ መጥቶ ከሰው አፈናቀለውና ማሳ ውስጥ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከጣሪያው ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ስለ ሰው አልነበረም፣ የተጣበቀ ነገር ማለት ብቻ ነበር። ለአንቺ ትርጉም ይሄ ለውጥ ያመጣል እህቴ፤ በመጀመሪያው ግጥሙ ውስጥ የሰው ጥላ አለ፣ በሁለተኛው የለም።

ጋሽ መዝገብ፦
የሰው ጥላ ከሌለ ታዲያ ማን ነው የሚሸሸው? የተጣበቀ ነገር አይሸሽም። ዘፈኖቹ ውስጥ ዩሚስ የሚመጣ፣ የሚሄድ፣ የሚተኛ፣ የሚጠራ ነው። ቃሉ ከጣሪያ ይምጣ ከቀንበር፣ ዘፋኞቹ ጋ ሲደርስ እግር አብቅሏል። ተርጓሚዋ የምትተረጉመው ያን ነው እንጂ የአምስት ሺህ ዓመቱን ሥር አይደለም።

አንድ ነገር ልበል። በእኛ ገበሬ አፍ ረድኤት የሚባል አለ። እህሉ ትንሽ ሆኖ ቤቱን የሚያከርመው። አውድማ ላይ የሚባልና የማይባል ቃል አለ፣ ረድኤት ይሸሻል ተብሎ። አምላክ ነው? አይደለም። እህል ነው? አይደለም። ግን ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሸሻል። «ረድኤት» ብትይው አገር ቤት ያደገ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ግዕዝ ይቅደም፦
ረድኤት ግዕዝ ነው! ከረድአ። አላልኳችሁም?

ተጠራጣሪ፦
እሱን ተወው አሁን። ጋሼ፣ ረድኤት ጥሩ ነበር፣ ግን ሁለት ችግር አለበት። ረድኤት ስንል ከእግዚአብሔር ነው የምንለው፣ ቤተ ክርስቲያን ቃሉ ውስጥ ገብታለች። እርስዎ ደግሞ ዩሚስ ቄሱ ያልደረሰበት ነው ብለው ነበር የተከራከሩት። ሁለተኛ፣ ረድኤት አይታይም። ዩሚስ ይታያል፣ ይቀጠፋል፣ ጎተራ ይገባል። ሁለት ራስ አለው። «ሁለት ራስ ያለው ረድኤት» ብትል አንባቢው ይስቅባታል።

ጋሽ መዝገብ፦
ይሳቅ። ሲስቅ ያነባል።

የሪጋው፦
እኔ ግን ተጠራጣሪ የተናገረውን አንድ ነገር መመለስ እፈልጋለሁ። ምልክቱ የ1920ዎቹ ነው፣ አምላክነቱ የምሁራን ነው አልክ። ይሁን። እዚህ ያሉ ሰዎች ግን ዛሬ ምልክቱን ጓንት ላይ ጠልፈው ለሙሽሮች ይሰጣሉ፣ ጥንድ ሁኑ፣ ይሙላላችሁ ለማለት። 100 ዓመት ሆኖታል። ትርጉም ስንት ዓመት ሲሞላው ነው እውነተኛ የሚሆነው? የተርጓሚዋ አንባቢ የዛሬ ሰው ነው።

ተጠራጣሪ፦
ጓንቱን ብትተረጉም ልክ ነህ። እሷ የምትተረጉመው ግን በ1890ዎቹ ወረቀት ላይ የተገለበጠ የአጫጆች ዘፈን ነው። ያቺ አጫጅ የብራስቲንሽን መጽሐፍ አላነበበችም።

ጥያቄ አብዢ፦
እሺ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁና ደግሞ ስደቡኝ። «ለምነት» እና «የመራባት አምላክ» ወጥተዋል። ሁለቱም ግጥሙ ውስጥ የሌለ ነገር ነው የሚጨምሩት፣ የግብርናው ልጅና ጋሼ ከተለያየ ወገን መጥተው እዚያው ላይ ነው ያደረሱኝ። ቃሉ በእጅ ሲያዝ «መንታ ዛላ» ወይም «መንታ ለውዝ» እላለሁ። ሲሸሽ፣ ሲጠራ፣ ሲተኛ ደግሞ «ዩሚስ» ብዬ እንዳለ እተወዋለሁ፣ እንደ ሰው ስም። መጀመሪያው ግጥም ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ማስታወሻ ይበቃል። ረድኤትን ማስታወሻው ውስጥ አስገባለሁ ጋሼ፣ ግጥሙ ውስጥ አልደፈርኩም።

ሥርወ ቃል፦
ማስታወሻው ላይ ያማን ብቻ ጽፈሽ እንዳታልፊ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ስለሚያምር። ጣሪያውን ጨምሪ።

የሪጋው፦
አንድ ነገር ግን አልፈታሽም። የመጨረሻዎቹን ዛላዎች ሲጎነጉኑ የሚዘፈነው ላይስ? እዚያ በእጇ ይዛዋለች፣ በዚያው ስንኝ ደግሞ ታናግረዋለች። መንታ ዛላ ነው ወይስ ዩሚስ?

ጥያቄ አብዢ፦
እሱን ነው ያልደረስኩበት። ላትቪያኛውን ስንኝ ቃል በቃል አድርገህ ላክልኝ፣ እንግሊዝኛው ላይ አንዱን ጠቅልለውታል መሰለኝ።

ጋሽ መዝገብ፦
እዚህ ላክው፣ ሁላችንም እንየው።